የቆላ አፈር ከወላጅ ዓለቱ የሚወርሰው

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ መጋዘን ግንባታ በሰፊው ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሆኖም በኦዲት ሪፖርት ላይ የማይሰፍር፣ ሲመናመንም ማንም ሒሳብ የማይጠይቅበት ሌላ ካፒታል አለ። እርሱም አፈር ነው። የዚህ ንግግር ርዕሰ ጉዳይ በተለይ ዝናብ የሚያጥረውና ትነት የሚበረታበት የቆላና የበረሃ አፈር ሲሆን፣ የሚያነሣው ጥያቄም አንድ ነው፤ ይህ አፈር ጠባዩን ከየት አመጣው?

ጥያቄው የምሁራን ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደጋ ወረዳዎች ኖራ ተበትኖ የገብሱና የስንዴው ምርት መሻሻሉን በሬዲዮ የሰማ የቆላ አርሶ አደር «የእኛስ ኖራ መቼ ይመጣል?» ብሎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት ከእርሻው ሥር ያለውንና ከእርሻው በላይ በተራራው ላይ የሚታየውን ድንጋይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የቆላ አፈር ላይ ኖራ መጨመር በጨዋማ ወጥ ላይ ጨው እንደመነስነስ ነው፤ ኖራው ቀድሞውኑ እዚያው አለ።

አፈር የሚፈጠረው ዓለት ሲፈራርስ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሃንስ ጄኒ የተባለው የአፈር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ የአፈርን ጠባይ የሚወስኑት አምስት ነገሮች እንደሆኑ አስረድቷል፤ እነዚህም የአየር ጠባይ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥ፣ ወላጅ ዓለትና ጊዜ ናቸው። አምስቱ በሁሉም ቦታ እኩል ድምፅ የላቸውም። ዝናብ በበዛበት አገር ውኃው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያጥብ ስለሚኖር ከዓለቱ የወጣው አብዛኛው ንጥረ ነገር ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ አፈሩም ወላጁን መምሰል ያቆማል። በበረሃ ግን የሚያጥብ ውኃ የለም። ዓለቱ የሰጠው ሁሉ፣ ጠቃሚውም ጎጂውም፣ እዚያው ይቀራል።

ለዚህ ከኢትዮጵያ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝበት አገር ጥቂት ነው። የደጋው አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በረጋ ባዛልት፣ ማለትም ለቤት መሠረትና ለመንገድ በሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ፣ የተሸፈነ ነው። የአፋር ቆላ ወለልም እንዲሁ በብዛት ባዛልት ነው፤ ልዩነቱ የአፋሩ አብዛኛው ከ4 ሚሊዮን ዓመት በታች ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። እንዲያውም በአፋር የዓለት ልደት ገና አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በደባሁ አካባቢ ቅልጥ ዓለት ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሰንጥቆ ገብቷል።

እንግዲህ ወላጁ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጆቹ ግን አይተዋወቁም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ፖታሲየሙና ሶዲየሙ ታጥቦ ብረትና አሉሚኒየም ስለሚቀር ቀይና ኮምጣጣ አፈር ይወጣል። ኖራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በቆላው ያው ባዛልት ሲፈራርስ ካልሲየሙ አይታጠብም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጭ የኖራ እንክብልና ንጣፍ ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ይታያል። የአፈሩ ፒኤችም ከ7 ነጥብ 5 እስከ 8 ነጥብ 5 ይደርሳል። የሚገርመው ሁለቱም ዘንድ ሰብሉ ፎስፈረስ ሊራብ መቻሉ ነው፤ ደጋ ላይ ፎስፈረሱን የሚያስሩት ብረትና አሉሚኒየም ሲሆኑ፣ ቆላ ላይ የሚያስረው ካልሲየም ነው። ረሃቡ አንድ ሆኖ አሳሪው የተለያየ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ሊሆን አይችልም። ብረትና ዚንክም በቆላው አፈር ውስጥ ሞልተው ሳለ ተክሉ ሊወስዳቸው አይችልም፤ በኖራማ መሬት ላይ የሚታየው የለጋ ቅጠል ቢጫ መሆን ብዙውን ጊዜ የዚሁ ምልክት ነው።

ዓለት በበረሃ እንዴት ይፈራርሳል ለሚለው፣ ቀን በፀሐይ ግሎ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ድንጋይ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ የገባ ጨዋማ እርጥበት ሲደርቅ የሚፈጠረው የጨው ፍሬ እያደገ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ጠልና አልፎ አልፎ የሚጥል ዝናብም የድርሻቸውን ይሠራሉ። በዓለቱ ውስጥ ያሉት ማዕድናት በአንድ ጊዜ አይረግፉም፤ ሳሙኤል ጎልዲች እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳመለከተው በባዛልት ውስጥ የሚገኘው አረንጓዴው ኦሊቪን ቶሎ ሲፈርስ በግራናይት ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ መጨረሻ ድረስ ይቆያል። ለዚህ ነው የግራናይትና የአሸዋ ድንጋይ አገር አፈር አሸዋማ የሚሆነው። ውኃ አይዝም፣ ንጥረ ነገሩም ጥቂት ነው፣ ግን ጨው በቀላሉ ይታጠብለታል፤ ለውዝም ይወደዋል፤ የባቢሌን ለውዝ የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም። ባዛልት ግን ኳርትዝ ስለሌለው ወደ ሸክላ ይለወጣል። በቆላ የሚፈጠረው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የዋልካ ዓይነት ሸክላ ነው። ሀብታም አፈር ነው፤ ነገር ግን ሶዲየም ከደረሰበት ከሁሉ በፊት የሚበላሸውም እርሱ ነው።

ስለ ሶዲየም ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ የቆላ መስኖ ዕጣ የሚወሰነው በዚህ ላይ ነውና።

በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከባዛልቱ ሌላ ከእሳተ ገሞራ የወጡ ነጣ ያሉ ዓለቶች በብዛት አሉ። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ባልጩትና በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላሉ ነጭ ድንጋይ ፐሚስ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ባዛልት ከመቶው 10 ገደማ የካልሲየም ኦክሳይድ ሲኖረው፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ 1 እንኳ አይሞሉም፤ በአንጻሩ ሶዲየማቸው ከፍተኛ ነው። ከዚህም በላይ ፍሬ ሳይሠሩ በድንገት የቀዘቀዙ ብርጭቆ መሰል ነገሮች ስለሆኑ ውኃ ሲያገኛቸው ፍሬ ከሠራ ማዕድን ፈጥነው ይሟሟሉ። ስለዚህ ካልሲየም ያነሰው፣ ሶዲየም የበዛበት ውኃ ይሰጣሉ።

የዝናብ ውኃ ከአየርና ከሥሮች ትንፋሽ የሚያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሟሙቶ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ዓለቱን ሲበላው ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ወደ ውኃው ይወጣሉ፤ በእነርሱ ልክም ባይካርቦኔት ይፈጠራል። ውኃው በፀሐይ ሲተን መጀመሪያ ካልሲየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር ተጣምሮ ኖራ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር የሚወስነው ከጥምረቱ የተረፈው ማን እንደሆነ ነው። ካልሲየሙ ከተረፈ ውኃው ጨዋማ ሊሆን ይችላል እንጂ ሸክላውን አያፈርስም። ባይካርቦኔቱ ከተረፈ ግን አብሮት የሚቀረው ሶዲየም ነው፤ ሁለቱ ሶዳ ይሆናሉ፤ ፒኤቹም ወደ 9ና ወደ 10 ይወጣል። ከአቢጃታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረት የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ከእነዚሁ ዓለቶች ይወጣል፤ ካልሲየም ባነሰበት ውኃ ውስጥ የሚይዘው ስለማያገኝ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በላይ ሆኖ በብዙ ጉድጓዶች ይገኛል። ከብቶች ወደ ሐይቆቹ ዳርቻ ሄደው የሚልሱትን ቦሌም ከብት አርቢው ከኬሚስቱ በፊት ያውቀዋል።

ሶዲየም ሸክላው ላይ ሲጣበቅ ቅንጣቶቹን ይበታትናቸዋል። የተበተነው ሸክላ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውኃ ከላይ ተኝቶ ይውላል፣ ሥር ትንፋሽ ያጣል፣ መሬቱ ሲደርቅም ማረሻ የማይገባው ደረቅ ቅርፊት ይሆናል። በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ የሚገኘው የአሜሪካ የጨዋማ አፈር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሶዲየሙ ሸክላው ከያዛቸው ንጥረ ነገሮች ከመቶው ከ15 ሲበልጥ አፈሩ ከዚህ ወገን ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። የአንድ እርሻ ወላጅ ዓለት የግድ ከእርሻው ሥር ያለው አይደለም። ጎርፍና ወንዝ ከሩቅ ያመጡት ደለል፣ ነፋስም የሚያራግፈው አቧራ አለ። የአዋሽን ሸለቆ መሬት ያለማው ደለል በአብዛኛው የደጋው ባዛልት ልጅ ነው፤ ጥጡም፣ ሸንኮራውም፣ ሙዙም የበቀለው በእርሱ ላይ ነው። ውኃው ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ሌላ ዘመድ ያፈራል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰፍቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ሐይቁ በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ግርጌ የተኛ ስለሆነ ውኃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ጀምሮ በመጠን እየተለካ ወደ አዋሽ እንዲገባ ሲደረግ ቆይቷል። ከታች በአሚባራ ወይም በገዋኔ ቦይ የሚከፍት ሰው የሚያጠጣው ከደጋ የወረደውን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የፈንታሌን ድንጋይ ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

በአሚባራ የሆነው ነገር በየስብሰባው ሊነገር የሚገባው ነው። በመልካ ሳዲና በአሚባራ ሜዳ ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች በመስኖ ሲለሙ የማጠንፈፊያው ጉዳይ ወደ ኋላ ቀረ። መጀመሪያ በጥልቀት የነበረው የከርሰ ምድር ውኃ በመስኖው ትርፍ ውኃ እየተሞላ ወደ ላይ ወጣ። ወደ ላይ ሲወጣ ዓለቱና ደለሉ ለዘመናት ያከማቹትን ጨው ይዞ ነበር። የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር በታች፣ ፀሐይዋ ልታተነው የምትችለው ደግሞ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃው እየተነነ ጨዉ ከላይ ቀረ። ብዙ ሄክታር መሬት ከእርሻ ወጣ፤ የተተወውንም መሬት በአብዛኛው ፕሮሶፒስ ወረሰው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚያው አካባቢ ከመሬት በታች የማጠንፈፊያ ቱቦ ተቀብሮ በተሞከረበት ቦታ ግን የከርሰ ምድሩን ውኃ ዝቅ አድርጎ ጨውን ማጠብ እንደሚቻል ታይቷል። መፍትሔው አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ይህን በአንድ ቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ያለበት ውኃ ለመጠጥ እንኳ ብዙም አያስነውርም። አንድ ሄክታር ሰብል በአንድ ወቅት 10,000 ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውኃ ቢጠጣ ከውኃው ጋር 5,000 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኩንታል ጨው ወደ ማሳው ይገባል። ሰብሉ ውኃውን እንጂ ጨውን እምብዛም አይወስድም። ሃምሳ ኩንታል ስንዴ ከአንድ ሄክታር ያነሣ ገበሬ ይሸለማል፤ ሃምሳ ኩንታል ጨው በየዓመቱ በጓሮ በር ሲገባ ግን የሚያየው የለም። መውጫ ካልተበጀለት የት ሊሄድ ነው?

በዚህ ረገድ የሥራ ኃላፊዎች ሊያዝኑበት የሚገባ አንድ ልማድ አለ። የመስኖ ፕሮጀክት ሲቀረጽ ዋናው ቦይ ይሠራል፣ ይመረቃል፤ ማጠንፈፊያው «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይባልና ይታለፋል። በዕቅድ ክንውን ሪፖርትም «በመስኖ የለማ መሬት» የሚል ዓምድ ይኖራል፤ «በጨው ምክንያት የተተወ መሬት» የሚል ዓምድ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ማጠንፈፊያ የሌለው የቆላ መስኖ ግማሹ የተሠራ መስኖ ነው፤ የጎደለው ግማሽ ዋጋም በኋላ የሚከፈለው በአባላቱ መሬት ነው።

ወደ መድኃኒቱ ሲኬድ፣ ሶዲየም የተጣበቀበትን ሸክላ የሚፈውሰው ካልሲየም ነው። ታዲያ አፈሩ ውስጥ ኖራ ሞልቶ ሳለ ካልሲየም እንዴት ያንሳል? ኖራ ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ውስጥ አይሟሟም፤ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ይኖራል። የሚሟሟው ጀሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በጀርመን ተወልዶ በካሊፎርኒያ ያስተማረው ዩጂን ሂልጋርድ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ለሶዳማ መሬት ጀሶ እንዲጨመር ሲመክር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተቃጠለ የጀሶ ድንጋይ በኢትዮጵያም ይገኛል፤ በአፋር፣ በኦጋዴን፣ በዓባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮን በኩል። ነገር ግን ጀሶም ብቻውን ተአምር አይሠራም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ የሚያሟሟው 2 ኪሎ ተኩል ያህል ጀሶ ነው። 50 ኩንታል ጀሶ ለማሟሟት 2,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል፤ ከሸክላው ላይ የተፈነቀለው ሶዲየምም በዚያው ውኃ ታጥቦ በማጠንፈፊያው መውጣት አለበት። ማጠንፈፊያ በሌለበት መሬት ላይ ጀሶ ገዝቶ መበተን የማኅበርን ገንዘብ መበተን ነው።

በዋቢ ሸበሌ በኩል ያለው ቆላ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የኦጋዴን ዓለት የኖራ ድንጋይና ጀሶ የበዛበት፣ ጥንት በባሕር ሥር የተቀመጠ ዓለት ነው። እዚያ ካልሲየም አይጠፋም። ጀሶ በበዛበት መሬት ላይ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ ቦይ ሲቆፈር ውኃው ጀሶውን እያሟሟ ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ቦዩም ይሰምጣል፤ ተራ ሲሚንቶም በሰልፌቱ ይበላል። የአዋሽን ልምድ ወደ ሸበሌ፣ የሸበሌንም ወደ አዋሽ እንዳለ መገልበጥ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ነጭ ነገር መሬት ላይ በታየ ቁጥር «ጨው ነው» ማለትም የተለመደ ስሕተት ነው። ገበሬው ራሱ በማሳው ላይ ሊለየው ይችላል። ነጩን ፈጭቶ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሆምጣጤ ሲያንጠባጥብበት አረፋ ከደፈቀና ጣዕም ከሌለው ኖራ ነው። አረፋ ካልሠራ፣ በጥፍር ከተፋቀ፣ ምላስ ላይም ጣዕም ካጣ ጀሶ ሊሆን ይችላል። እንደ አሞሌ ምላስ ላይ የሚሟሟው ተራ ጨው ነው፤ ይህ ማጠንፈፊያ ካለ በውኃ ብቻ ይታጠባል። ከሁሉ የሚያስፈራው ነጩ ሳይሆን ጥቁሩ ነው። ውኃ ተኝቶ በደረቀበት ቦታ ላይ ዘይት የፈሰሰበት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ፣ ሶዳው የአፈሩን ብስባሽ አሟሙቶ ወደ ላይ አውጥቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ውኃ ብቻ ቢለቀቅበት ይብስበታል።

ስለ ማዳበሪያም ጥቂት ቃል። በቆላ አፈር ላይ ዩሪያን ከላይ በትኖ መተው ኪሳራ ነው፤ ፒኤቹ ከፍ ባለና ሙቀት በበዛበት አፈር ላይ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፤ ወዲያውኑ በአፈር መሸፈን ወይም በመስኖ ማስገባት ይገባል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ከዘሩ አጠገብ በመስመር ቢቀበር ካልሲየሙ ሳያስረው ሥሩ ይደርስበታል። የከብት ፍግ ደግሞ የታሰረውን ዚንክና ብረት በከፊል ይፈታል፤ በከብት በበለጸገ አገር ፍግ ከበረት አጥር ውጭ ተቆልሎ ማየት ያሳዝናል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከምርመራ ነው። አንድ ዩኒየን ለአባላቱ ማዳበሪያና ዘር እንደሚያከፋፍል ሁሉ የአፈር ናሙና ማስወሰድም ከአቅሙ በላይ አይደለም። ናሙናው ከመስኖው ወቅት በፊት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ይወሰዳል። እስከ አንድ ሜትር ተቆፍሮ ከ0 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ያለው አፈር ለየብቻ በላስቲክ ይታሰራል፤ መደባለቅ የለበትም፣ ጨዉ ወደ ላይ እየወጣ ወይም ወደ ታች እየወረደ መሆኑ የሚታወቀው በልዩነቱ ነውና። ከቦዩና በአቅራቢያው ካለ ጉድጓድም አንዳንድ ጠርሙስ ውኃ አብሮ ይላካል። ከላቦራቶሪው የሚጠየቁት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ፒኤች፣ የጨው መጠንና የሶዲየም ድርሻ። ውጤቱ የማሳው ባለቤት ስም፣ የጎጡ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት በዩኒየኑ መዝገብ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ማሳ ሲወሰድ የሚወዳደረው ከእርሱ ጋር ነው። ከጉድጓዱ ግርጌ ድንጋይ ከተገኘም ቁራጩ ከናሙናው ጋር ይላካል።